የእሜቴ ጉሮሮ

ጦይባ እንድሪስ እንጀራዋን የምትበላው ሰውንና መኪናን በማስታረቅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሰው መሪ መጨበጥ ከተወ ሃያ ዓመት አልፎታል። መኪኖቹ ራሳቸውን ይነዳሉ፤ የሚሄዱበትን ያውቃሉ፤ ማንን እንደሚያሳፍሩና ማንን እንደማያሳፍሩም ያውቃሉ። ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ያለችው ጠባብ ክፍሏ ስትገባ ባለጉዳይ ተሰልፎ ይጠብቃታል። አንዱን መኪናው ከነበጉ አላሳፍርም ብሎታል። አንዷ ከባሏ ጋር መንገድ ላይ ስትጨቃጨቅ መኪናው ቆሞ በሩን ከፍቶ «ሲበርድላችሁ ጥሩኝ» ብሏቸዋል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሳል ስለያዛቸው ብቻ፣ ገበያ ልሂድ ባሉ ቁጥር ጤና ጣቢያ በር ላይ እየተራገፉ ተሰላችተዋል። ጦይባ ሁሉንም ትሰማለች፤ ለመኪናውም በሚገባው ቋንቋ ታስረዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ይታረቃሉ።

የማይታረቁበት ነገር ቢኖር ሬሳ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ልቡ ሲመታ መኪናው ይሰማል፤ ካልመታ መንገዱ አንድ ነው፣ ሆስፒታል። ቢለምኑትም ቢያለቅሱበትም አይመለስም። ሆስፒታሉ ይመዘግባል፣ ከዚያ ወደ ፎቁ ይልካል። ፎቁ የከተማው መካነ መቃብር ነው፤ ሳጥን በሳጥን ላይ የሚደረደርበት ባለ ዘጠኝ ወለል ሕንፃ። እዚያም ቢሆን ሟች በሰባት ዓመቱ ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ያሉ ወንድማማቾች ይህን ለማምለጥ ብልሃት አመጡ። አባታቸውን ጋቢ አልብሰው፣ ደህና አውራ ዶሮ አሳቅፈው መኪና ውስጥ አስቀመጧቸው። መኪናው የዶሮውን ልብ ቆጠረ። በደቂቃ ሦስት መቶ ሆነበት። መኪና እንደዚያ ቀን ሲከንፍ ታይቶ አይታወቅም ይባላል፤ ሐኪሞቹ አልጋ ይዘው በር ላይ ሲጠብቁ መጀመሪያ ዘሎ የወጣው ዶሮው ነበር።

እነ ጦይባ ግን ዶሮ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ እሜቴ ነበረቻቸው። እሜቴ ከጦይባ አባት ጋራዥ የተረፈች ባለ ቤንዚን ፒክአፕ ናት፤ የቅሬው ንብረት ነች። ቅሬ ማለት በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሳይለይ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። የዚህ ቅሬ ሰዎች ሁሉ የወይራ አምባ ተወላጆች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ከተማ ሲወርድ አብረው የወረዱ። የመኪኖቹ መስመር ተራራው ግርጌ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የድሮ የድንጋይ መንገድ ነው፤ እሱን የምትወጣው እሜቴ ብቻ ነበረች። ፈቃዷ አጭርና ግልጽ ነው፦ ለሬሳ ብቻ። ከሾፌሯ ከጦይባ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አታሳፍርም።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ልጓም የተባለው ነገር መጣ። የቀሩት ጥቂት የቤንዚን ሞተሮች ብዙ አየር እንዳይስቡ አፋቸው ላይ የብረት ሰሌዳ ይታሰር ተባለ፤ መሐሉ ላይ የጣት ቀለበት የምታክል ቀዳዳ ብቻ ያለችው፣ በእርሳስ የታሸገ። እሜቴ ከዚያ ወዲህ ደረቷ እንደተያዘ ሰው ሆነች። ሜዳውን ትሄዳለች፤ ዳገት ስታይ ትንፋሿ ይቆማል። ሦስት ሟቾች ከተራራው ግርጌ ተመልሰው ወደ ፎቁ ሄዱ። በትከሻ እንዳይወሰዱ የቅሬው ሰው አርጅቷል፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ሥራ ፍለጋ ሌላ አገር ሄዷል።

በዚህ መሐል ነው እማማ እታለማሁ ጦይባን ያስጠሯት።

እማማ እታለማሁ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለጦይባ የጡት እናቷ ናቸው። የጦይባ እናት በወሊድ ታማ በተኛችበት ሰሞን የእሳቸው ሕፃን ሞቶባቸው ነበርና፣ ያበጠ ጡታቸውን ለጎረቤት ልጅ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ አልወለዱም። ባላቸው አያ ደርበው ያረፉት እሳቸው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው። እሜቴ ሬሳውን ወይራ አምባ ጊዮርጊስ አደረሰች፤ ሚስታቸው በሌሉበት ተቀበሩ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው፣ እማማ የባላቸውን መቃብር አላዩትም።

«ጦይቤ፣» አሉ አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ «እኔን ፎቅ ልታወጪኝ ነው?»

«ማን አለ?»

«እሜቴ ዳገቱ አቃታት አሉ። ሦስት ሰው ተመለሰ፤ አራተኛዋ እኔ ነኝ።»

«እማማ፣ እርስዎ ገና...»

«ገና ምን? ገና ልጅ ነኝ? ተይ እባክሽ። በሕይወቴ ፎቅ ቤት ኖሬ አላውቅም፤ ሞቼ ዘጠነኛ ወለል ልውጣ? ደርበውስ ምን ይላል? ስድሳ ዓመት አብራኝ ተኝታ ዛሬ ጀርባዋን ሰጠችኝ አይለኝም?»

ጦይባ ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እማማ ከስተዋል። ክንዳቸው የጨርቅ ያህል ቀሏል።

«አደርስዎታለሁ፣» አለች።

«በአላህ በይ።»

«ወላሂ።»

ልጓሙን መንካት አይታሰብም። እሽጉ ቢላላ ዳገቱ ላይ ያለው የፍተሻ ኬላ አይከፈትም፤ ፈቃዱም ይነጠቃል፤ ያን ጊዜ የቅሬው ሰው በሙሉ የፎቅ ነው። ደንቡ ግን ከልጓሙ በስተኋላ ስላለው ነገር አንዲት ቃል አይልም። ከልጓሙ በስተኋላ ካርቡራተሩ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ማኒፎልዱ አለ፤ አየርና ቤንዚን ተቀላቅሎ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች የሚከፋፈልበት ባለ አራት ጣት ቱቦ። አባቷ ጋሽ እንድሪስ አንድ አባባል ነበራቸው፦ «ሞተር ጉሮሮው ሲሰፋ ጉልበቱ ይሰፋል።» ጦይባ ይህን አምና ብሎኖቹን ፈታች። ማኒፎልዱን አውርዳ ውስጡን በሞረድ ሞረደች፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸች፤ ቱቦዎቹ እንደ መስታወት እስኪያበሩ ድረስ አሰፋቻቸው። ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እጇ እየደማ ሠራች። ገጥማ ስታስነሳት እሜቴ አጓራች። ግቢው ሁሉ ተናወጠ። ጦይባ ደስ ብሏት ብቻዋን አጨበጨበች።

ሙከራው እሑድ ጠዋት ከኬላው በታች ባለው ዳገት ላይ ሆነ። የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ አሸዋ ሞሉበት። የቅሬው ሰዎችም በወጉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊትና ከጎን ተሰለፉ፤ ሬሳ በእግር ይሸኛል እንጂ አይሮጥበትም። የቅሬው ዳኛ አያ አበጋዝ በትራቸውን ይዘው ከሁሉ ፊት ቆሙ። ዳገቱ ሲጀምር እሜቴ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ጠፋች። ጦይባ አስነሳቻት፤ ነዳጁን ረገጠች፤ መኪናዋ ዘላ ሽማግሌዎቹን ልትድጥ ደረሰች። ሴቶቹ እየጮኹ ወደ ቦዩ ዘለሉ። ቀስ ስትላት ጠፋች፤ ስትረግጥባት ዘለለች፤ ከዚያም ልጓሙ ሲይዛት እንደገና ጠፋች። በሦስተኛው ሳጥኑ ተንሸራትቶ ወረደና አሸዋው መንገድ ላይ ተዘረገፈ።

አያ አበጋዝ የተደፋውን አሸዋ በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን መኪና የሠራሻት ለሬሳ ነው ለሽፍታ?»

«ጉልበት ጨምራለች እኮ አያ።»

«ጨምራለች። ሮጠው ለሚያመልጡ። እኛ ሬሳ ይዘን ወዴት ነው የምናመልጠው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጦይባም ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቤት ገብታ ማኒፎልዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታየው ዋለች። የአባቷ አባባል ውሸት አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ ያን የተናገሩት ግን አሰብ መንገድ ላይ ሜዳውን በሙሉ ፍጥነት ለሚያቋርጡ ሾፌሮች ነበር። የእሜቴ ሥራ ሌላ ነው፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በሚራመደው ልክ፣ ሳትቆምና ሳትዘል፣ ዳገት መውጣት። በሰፊ ቱቦ ውስጥ አየር እየተንጎራደደ ነው የሚገባው፤ ሞተሩ በፍጥነት ካልሳበው ይተኛል። የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ጫን ሲያደርጉት ውሃው ርቆ እንደሚረጨው ሁሉ፣ ቱቦው ቀጭንና ረጅም ቢሆን አየሩ በዝግታም ውስጥ እየገፋ ይገባል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚጠጣው ደግሞ ትንሽ ነው፤ ያን ጊዜ የልጓሙ ቀዳዳም ይበቃዋል። ይህ ሲገባት ተነሥታ ቀጥታ አያ አበጋዝ ቤት ሄደች።

«የድንኳኑን ቋሚ ይስጡኝ።»

«የየትኛውን ድንኳን?»

«የለቅሶውን። ለቅሶ አዳራሽ ከገባ ወዲህ መጋዘን ውስጥ ዝጎ የለ?»

አያ አበጋዝ ደነገጡ። ያ ድንኳን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንቱ ሐዘንተኛ ተቀምጦበታል። እሳቸውም ሚስታቸው ዘነቡ ስትሞት እሱው ውስጥ ነው የተቀመጡት።

«ቆርጠሽ መኪና ልታበዪው?»

«አዎ።»

ብዙ አሰቡ። «እንግዲህ ቆሞ ዝገት ከሚበላው እሜቴ ብትበላው ይሻላል፣» አሉና ቁልፉን ሰጧት።

ጦይባ የቋሚዎቹን ቱቦዎች በደረቅ አሸዋ ሞላች፤ ሲታጠፉ እንዳይጨፈለቁ ነው። ፍም ላይ እስኪቀሉ አግላ ቀስ እያለች አጎበጠቻቸው፤ በየመጋጠሚያቸው በየደች። አራቱ ቱቦዎች ከሞተሩ ተነሥተው ወደ ላይ ወጥተው እንደ ሙክት ቀንድ ዞረው ካርቡራተሩ ላይ ገጠሙ። ኮፈኑ አልዘጋ ስላለ ቀደደችው፤ ሁለቱ ቱቦዎች በቀዳዳው ብቅ ብለው ታዩ። እሜቴ አስቀያሚ ሆነች። ስትነሳ ግን አላጓራችም፤ ከሆዷ የሚወጣ ዝግ ያለ ድምፅ አሰማች። በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ዳገት፣ በዚያው አሸዋ፣ በአያ አበጋዝ እርምጃ ልክ ወጣች። አያ አበጋዝ ሊፈትኗት ብለው መሐል መንገድ ላይ ቆመው ጫማቸውን አሰሩ። እሜቴም ቆመች፤ ሲነሡ ተነሣች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለሬሳ መኪና እልል መባሉ ነውር መሆኑ ትዝ ያላቸው በኋላ ነው።

ጦይባ ምሥራቹን ይዛ እየሮጠች ወደ እማማ እታለማሁ ሄደች። እማማ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«ጎሽ ልጄ። መቼ እንሄዳለን?»

«እንዴት መቼ? አላህ በጠራዎት ጊዜ ነዋ።»

«እኔ ሞቼ ብሄድ ምን አየዋለሁ?» አሉ እማማ። «አንቺ ልጅ፣ ለመቀበርማ አንድ ቀን ይገኛል። እኔ ደርበውን ማየት ነው የምፈልገው። በዓይኔ። ድንጋዩን በእጄ ነክቼ፣ ሳልቀብርህ ቀረሁ፣ ይቅር በለኝ ልለው። በቁሜ ውሰጂኝ።»

እሜቴ ለሬሳ ብቻ ናት፤ ኬላው ደግሞ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆሞ በመኪናዋ ውስጥ ያለውን ልብ ይቆጥራል። አንድ ልብ ከሆነ ሾፌሯ ናት። ሁለት ከሆነ ደንብ ተጥሷል፤ ፈቃዱ በዚያው ይሰረዛል። የእማማን ልመና እምቢ ብትል ያጠቧትን እናት ከመቃብር በፊት ቀበረቻቸው ማለት ነው። እሺ ብትልና ቢያዙ ቅሬው በሙሉ የመጨረሻ ቤቱን ያጣል።

ነገሩን ለአያ አበጋዝ ስትነግራቸው በትራቸውን ወረወሩ።

«አይሆንም! የአንድ ሰው ናፍቆት ነው ወይስ የስልሳ ሰው መቃብር?»

«ኬላው ልብ የሚቆጥረው እኮ ከመኪናዋ ውጭ ቆሞ ነው፣» አለች ጦይባ። «ሰዎቹ ሳጥኑን ይዘው፣ ተጠጋግተው ቢያልፉ ልባችን ከእማማ ልብ ጋር ይደባለቅበታል። እሜቴ ካልዘለለችና ካልጠፋች፣ በእርምጃችን ልክ ካለፈች፣ አይለየውም።»

«ከዘለለችስ?»

«አትዘልም።»

ቀጠል አድርጋም፣ «አያ፣ እርስዎስ እትዬ ዘነቡን መቼ ነው ያዩዋት?» አለቻቸው።

አያ አበጋዝ ወደ ግድግዳው ዞሩ። መጨረሻ ላይ ያሉት፣ «ሳጥኑ ሥር መተንፈሻ ቀዳዳ አብጂለት፤ በእግሯ በኩል» የሚል ነበር።

የሄዱት ማክሰኞ ጠዋት ነው። እማማ እታለማሁ ነጭ ለብሰው ሳጥኑ ውስጥ ተኙ። «ጠበበኝ» ብለው አማረሩ፤ «ለእውነተኛው ቀን ሰፋ ያለ አሠሩልኝ፣ እኔ ሰፊ አልጋ ነው የለመድኩት።» ክዳኑ ሲዘጋ ግን እጃቸው የጦይባን ጣት ፈልጎ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ጦይባ ጣቷን ቀስ ብላ አላቀቀች፤ መሪውም ላይ ተቀመጠች።

ከኬላው በፊት ያለው ዳገት ከሁሉ የከፋው ነው። የቅሬው ሰዎች ሳጥኑን በግራና በቀኝ ያዙ፤ አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ እስኪደገፍ ተጠጋጉ። እርምጃቸው እያጠረ ሄደ፤ የሚያለከልኩት ይሰማታል። ጦይባ የፍሪሲዮኑን ፔዳል በጥንቃቄ ለቀቀች። እሜቴ በሰዎቹ ጉልበት ልክ እየተነፈሰች አብራቸው ወጣች። አንዲት አሮጊት ሲደናቀፉ ሰልፉ ቆመ፤ እሜቴም ዳገት ላይ ቆማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። አልጠፋችም። ሲነሡ ምንም ሳትዘል ተከተለች።

ኬላው ሁለት ምሰሶ ነው። በመሐላቸው ሲገቡ ለስላሳ ድምፅ ጠየቀ።

«የሟች ስም?»

ሠላሳ ዓመት የቅሬ ዳኛ የሆነ ሰው የሟች ስም ሲጠየቅ አያስብም፤ አፉ ራሱ ይናገራል። አያ አበጋዝ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ወይዘሮ እታለማሁ ጉግሳ! የአያ ደርበው ባለቤት፣ የወይራ አምባ ተወላጅ፣ የተከበረች እናት!» አሉ። አነጋገራቸው እንዲያውም ሁሉንም ደስ አሰኝቶ ነበር። ኬላው ዝም አለ። ይቆጥራል። ጦይባ የገዛ ልቧን ሰማችው፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ይመታ ነበር።

«ነፍስ ይማር፣» አለ ኬላው፤ መንገዱንም ከፈተ።

ወይራ አምባ ሲደርሱ ፀሐይ ገና ከፍ አላለችም ነበር። ከተማ አንወርድም ብለው የቀሩ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ፤ ቄስ ውብሸትም መስቀላቸውን ይዘው ሬሳ ሊቀበሉ ወጡ። ሳጥኑ ወርዶ ክዳኑ ሲነሣ ሟቿ አስነጠሱ።

«በስመ አብ!» ቄሱ ወደ ኋላ ዘለሉ።

«ይማርሽ በሉኝ እንጂ አባ፣» አሉ እማማ። «ነይ ጦይቤ አንሺኝ፣ ወገቤ ሞተ።»

የአያ ደርበው መቃብር ወይራው ሥር ነበር። እማማ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ። ሁሉም ራቅ አለላቸው፤ ጦይባ ብቻ ጀርባቸውን ደግፋ ቀረች። መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው እንደ ጎረቤት ያዋሩት ጀመር፤ ስለ እግራቸው፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ እንደ ባዳ ሴት ሳይቀብሩት ስለመቅረታቸው። «እያወቅሁ አልነበረም የቀረሁት፣ ደርቤ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ጦይባ አብራ አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ለይታ አታውቅም ነበር፤ ደስታም ነበረበት።

ያን ቀን ያላሰበችውንም አየች። የቅሬው ሰዎች አንድ በአንድ ጠፉ። አያ አበጋዝ ከዘነቡ መቃብር ላይ ሣር ሲነቅሉ ታዩ። ሌሎቹም በግቢው ተበትነው የየራሳቸውን ሰው ፈልገው ተቀምጠዋል። ጦይባም አጥሩን አልፋ ወደ ሙስሊሞቹ በኩል ሄደችና ለአባቷ ዱዓ አደረገች። ስትመለስ ሁሉም ተሰብስበው ቄሱ ቤት የተጋገረ ዳቦ ይበሉ ነበር። እማማ ትልቁን ቁራሽ ይዘዋል።

በዚያች ቅጽበት ስልኮቹ ጮኹ። የሁሉም በአንድ ጊዜ። ጦይባ አወጣችና አነበበች፦ በወይዘሮ እታለማሁ ጉግሳ ዕረፍት የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን፤ በመኪና አብራችኋቸው ተሳፍራችሁ ለምታውቁ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ የቤታቸው በር፣ የመኪናና የሕክምና አገልግሎታቸው ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል።

ዳቦ የያዙ እጆች ባሉበት ቀሩ።

«ምነው?» አሉ እማማ እያኘኩ። «ማን ሞተ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አያ አበጋዝ አንገታቸውን ደፉ።

«እርስዎ፣» አለች ጦይባ።

ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ቅሬ ሬሳ አድርሶ ባዶ ሳጥን ይዞ መመለስ እንጂ የወሰደውን ሰው መልሶ ማምጣት ለምዶ አያውቅም። ስለ መውጣቱ ሲመክሩ ስለ መውረዱ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

«ነገ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ አስተካክለዋለሁ፣» አለች ጦይባ ተጣድፋ። «ሥራዬ ማስታረቅ አይደል? አልሞቱም እላቸዋለሁ።»

«አልሞቱም ካልሽ፣ ኬላውን ማን አስከፈተው ይላሉ፣» አሉ አያ አበጋዝ ቀስ ብለው። «እሜቴን ይወስዷታል። ጥፋቱ የኔ ነው። ምላሴን በቆረጠው።»

እማማ እታለማሁ ዳቦውን ዋጡ። ግቢውን፣ ወይራውን፣ የቄሱን ጎጆ አዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸው ሳል ሆኖ እስኪያበቃ ሳቁ።

«ተወው አበጋዝ፣ ምላስህን ተወው። እዚያ ታች በሬን የሚከፍትልኝ ማሽን፣ የሚያሳፍረኝ ማሽን፣ ልቤን የሚቆጥረው ማሽን። እዚህ ሞተሻል የሚለኝ ማነው? አባ፣ አንዲት የሞተች ሴት ታሳድራላችሁ?»

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፣» አሉ ቄስ ውብሸት።

ጦይባ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። «እማማ፣ አይሆንም። እኔስ? እኔ በምን እመጣለሁ? እሜቴ ያለ ሬሳ አትወጣም። ኬላው ያለ ቀብር እግረኛም አያሳልፍም።»

«ሬሳ መቼ ጠፍቶ ያውቃል፣» አሉ እማማ፤ ራሷን እየዳበሱ። «ሰው ሲሞት ትመጫለሽ።»

ጦይባ ባዶ መኪና ይዛ ወረደች። ከዚያ ወዲያ ሥራዋን ቀጠለች፤ ከነበጋቸው የተከለከሉትን፣ ባልና ሚስቱን፣ ሳል የያዛቸውን ስታስታርቅ ሰነበተች። ክረምቱን በሙሉ ከቅሬው አንድም ሰው አልሞተም። ይህ ለማንም ደግ ዜና ነው። እሷ ግን ማታ ማታ ተራራውን እያየች፣ ብርዱን እንዴት ቻሉት፣ ማን ውሃ ይቀዳላቸዋል እያለች ትብሰለሰል ነበር።

አያ አበጋዝ ያረፉት ከመስቀል በኋላ ነው፤ በእንቅልፋቸው። ጦይባ ወሬውን የሰማችው ቢሮዋ ተቀምጣ ነበር። ጮኻ አለቀሰች፤ ሰውየውን ትወዳቸው ነበር። እያለቀሰች ሳለ ግን ሐሳቧ ሮጦ ስኳር ጋ ደረሰ፤ ስኳር አልቆባቸው ይሆናል፣ ወፍራም ጋቢም ያስፈልጋቸዋል። ደስ እንዳላት ሲገባት እንባዋ ደረቀ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

እሜቴ በዚያ ዝግ ባለ ድምጿ ዳገቱን ወጣች። ስኳሩና ጋቢው ከአያ አበጋዝ ሳጥን ጎን ነበሩ። እማማ እታለማሁ አጥሩን ተደግፈው ቆመው ጠበቋቸው፤ ሳጥኑን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የማን እንደሆነ ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱለት። አያ አበጋዝ ከዘነቡ አጠገብ ተቀበሩ። ከቀብሩ በኋላ እማማ የጦይባን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ከስተሻል። ደግሞ መቼ ትመጫለሽ?»

ጦይባ ልትመልስ ብላ ወደ ቅሬው ሰዎች ዞረች። አንዱ ግንቡን ይዞ ያስላል። አንዷ ከሌሎቹ ይልቅ ገርጥተዋል፤ እግራቸውም አብጧል። አንዱ ከባለፈው ጊዜ ይልቅ ዘግይቶ ነው ዳገቱን የጨረሰው። በዓይኗ ስትመርጥ እንደነበር ሲታወቃት ቶሎ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እንጃ፣ እማማ፣» አለች።